ጌም መሃል የሚዘል ፒንግ፦ ጥፋቱ የት እንዳለ ደሴ ላይ ሆኖ መለየት

ፒንግ (መልእክት ሰርቨሩ ዘንድ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ፣ በሚሊ ሰከንድ) 180 ሆኖ እዚያው ከረጋ ይለመዳል፤ እጅ ራሱ ይላመደዋል። ጨዋታ የሚያበላሸው 120 የነበረው በድንገት 700 ደርሶ ሲመለስ ነው። የሁለቱ መፍትሔ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው የርቀት ጉዳይ ነው፦ ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ እያንዳንዱ 1,000 ኪሎ ሜትር በደርሶ መልስ 10 ሚሊ ሰከንድ ይበላል። ይህን ፒያሳም ሆነ ሆጤ ቁጭ ብሎ የሚያሳጥረው የለም። ዝላዩ ግን ብዙ ጊዜ ከቤት ይነሳል።

ኮምፒውተር ላይ ሲኤምዲ (cmd፣ የዊንዶውስ ትእዛዝ መጻፊያ) በሁለት መስኮት ክፈቱ። በአንዱ የራውተሩን አድራሻ፣ በሌላው 8.8.8.8ን (የጉግል ሰርቨር ነው) ፒንግ አድርጉ፤ ping ብላችሁ አድራሻውን ማስከተል ነው። መጨረሻው ላይ ሰረዝና ቲ (-t) ካከላችሁ እስክታስቆሙት ይቀጥላል። የራውተሩ አድራሻ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፤ ካልሆነ ከሥሩ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። 10 ደቂቃ እየተጫወታችሁ ሁለቱን አስተያዩ። በስልክ ለሚጫወት ነጻ የፒንግ መለኪያ አፕ ይበቃል።

የራውተሩ ቁጥር ከ5 በታች መሆን ሲገባው 80፣ 150 እያለ ከዘለለ ጥፋቱ ዋይፋዩ ነው። ኬብል ዘርጉ፤ ካት 5ኢ (Cat 5e) የሚባለው የኔትወርክ ኬብል ይበቃል፣ ውዱን አትግዙ። ካልተቻለ ወደ 5 ጊጋ ኸርዝ ቀይሩ፤ ግድግዳ ቶሎ ስለሚያዳክመው ግን ራውተሩ እዚያው ክፍል ይሁን። በ2.4 ላይ ከቀራችሁ ቻናል 1፣ 6 ወይም 11 ምረጡ፤ በዚያው ሞገድ የሚሠራውን የብሉቱዝ ማዳመጫም አውልቃችሁ ሞክሩ።

ራውተሩ ጸጥ ብሎ 8.8.8.8 ብቻ ከዘለለ፣ የቤቱን ስልኮች ሁሉ ከዋይፋይ አውጥታችሁ ድገሙት። ያኔ ከረጋ ችግሩ ሰልፍ ነው። ብዙ ሰው ፓኬጅ ለማሳደግ የሚሮጠው እዚህ ላይ ነው። የተጨናነቀው ግን ብዙ ጊዜ የአፕሎድ (ከቤት ወደ ውጭ የሚላክበት) መስመር ነው፤ ያኔ ዳውንሎዱ ብቻ ቢያድግ ምንም አይለወጥም። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ አንድ ሙሉ ፓኬት (ዳታ ተቆራርጦ የሚላክበት ቁራጭ) 1,500 ባይት፣ ማለትም 12,000 ቢት ነው። አፕሎዱ 1 ሜጋ ቢት ከሆነ አንዱን ለመላክ 12 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። የአንዱ ስልክ ፎቶዎቹን ወደ ጉግል ሲጭን ራውተሩ 50 ፓኬት ካሰለፈ፣ የጌማችሁ ትንሽ ፓኬት 600 ሚሊ ሰከንድ ቆማ ትጠብቃለች። ሐረጎ ዳገት ላይ ከተሳቢ መኪና ኋላ እንደተያዘ ሞተር ሳይክል ማለት ነው፤ ፈጣን መሆኗ አይረዳትም።

መላው ሰልፉን ራስ መቆጣጠር ነው። ሌላ ሰው ሳይጠቀም አፕሎዱን ሦስት ጊዜ ለኩ፤ ትንሹን ቁጥር ውሰዱና 85 በመቶውን በራውተሩ ኪውኦኤስ (QoS) ወይም ባንድዊድዝ ኮንትሮል በሚባለው የፍጥነት መገደቢያ ቅንብር ላይ ጣሪያ አድርጉት። ጣሪያው ከመስመሩ አቅም ዝቅ ማለቱ ግዴታ ነው፤ ከበለጠ ሰልፉ ከእናንተ ራውተር ውጭ ይፈጠራል፣ እዚያ ደግሞ ማንም ጌም አያስቀድምም። ጣሪያ ሳያስገቡ ጌሙን ብቻ "ቅድሚያ" ውስጥ ማስገባትም ለዚሁ ነው የማይሠራው። ራውተሩ ይህ ቅንብር ከሌለው፣ ኤስኪውኤም (SQM፣ ሰልፉን ራሱ የሚያስተዳድር ቅንብር) የሚችል ርካሽ ራውተር ከኋላው መቀጠል መብራት የሚያብለጨልጭ "የጌም ራውተር" ከመግዛት ይሻላል። እሱም ካልሆነ የፎቶ ባካፑን አጥፉ፤ ዊንዶውስ አፕዴቶቹን ለሌላ ኮምፒውተር እንዳያካፍልም ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽንን ዝጉ። በ4ጂ የምትጠቀሙ ከሆነ ፍጥነቱ በየሰዓቱ ስለሚለዋወጥ፣ ልኬቱን በምትጫወቱበት ሰዓት ውሰዱ።

ብቻችሁን ሆናችሁም ከዘለለ ወደ መስመሩ እንሂድ። ፋይበር ከሆነ ቀጭኑ ገመድ ከ3 ሳንቲ ሜትር በጠበበ ክብ እንዳይታጠፍ። በስልክ ሽቦ ከሆነ የራውተሩ ገጽ ላይ ኤስኤንአር ማርጅኑን (SNR margin፣ ሲግናሉ ከጫጫታው በላይ ያለው ትርፍ) እዩ፤ ከ6 ዴሲቤል ሲወርድ መስመሩ ይንገዳገዳል። ክረምት ላይ ብቻ የሚብስ ከሆነ ውጭ ያለው መጋጠሚያ ውሃ ገብቶበት ሊሆን ይችላል፤ የቤት ስልኩን አንስታችሁ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ካለ አረጋግጣችኋል። በ4ጂ ከሆነ የሲግናሉን እንጨት አትመኑ፣ ኤስአይኤንአሩን (SINR፣ የሲግናሉን ጥራት የሚለካውን ቁጥር) በራውተሩ ገጽ ላይ ተመልከቱ፦ ከ13 በላይ ጥሩ፣ ከዜሮ በታች ከንቱ። ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ስለተቀመጠች አንድ ተረተር ብቻ ማማውን ሊጋርድ ይችላል። ራውተሩን በየመስኮቱ እየዞራችሁ በእያንዳንዱ 2 ደቂቃ ለኩ። ኤስአይኤንአሩ ጥሩ ሆኖ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ረግቶ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚዘል ከሆነ ግን ማማው ተጨናንቋል፤ መስኮት መቀየር አይፈታውም።

"ፒንግ ቡስተር" የሚባሉትን አፖች እርሷቸው። ቪፒኤንም መንገዱን ብዙ ጊዜ ያረዝመዋል። የጌሙን ሰርቨር ግን በካርታ አትምረጡ፤ መካከለኛው ምሥራቅ ቢቀርብም ኬብሉ በሌላ በኩል ዞሮ ሊሄድ ስለሚችል፣ ከአውሮፓው ጋር ሁለቱንም ሞክራችሁ ዝላዩ ያነሰውን ያዙ።

ኢትዮ ቴሌኮም ከሆናችሁ 994 ስትደውሉ "ኔት አስቸገረኝ" ብቻ አትበሉ። ራውተሩ ድረስ 1 ሚሊ ሰከንድ፣ ከዚያ ወዲያ ስንት እንደሚዘልል፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ከ100 ፓኬት ስንቱ እንደጠፋ ንገሯቸው።