ለብለብ ታዝዞ ግራጫ ሆኖ የሚወጣ ስቴክ፦ ችግሩና መፍትሄው

ይህ ጽሑፍ ጎንደር ውስጥ በሆቴልም ሆነ በቤቱ ስቴክ ለሚጠብስ፣ ብልት ለሚለይና ቢላውን ስሎ ለሚያስቀምጥ ሰው የተዘጋጀ ነው። አንዱ እንግዳ ለብለብ፣ ሌላው መካከለኛ፣ ሦስተኛው በደንብ የደረቀ ይወዳል፤ የማንም ምርጫ ከማንም አይበልጥም፣ የጠባሹ ሥራ የታዘዘውን ማድረስ ነው። ሦስቱ የሚለያዩት በሥጋው የመሐል ሙቀት ነው፦ ለብለብ ከ50 እስከ 54፣ መካከለኛ 60 አካባቢ፣ ደረቅ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ።

ምልክት፦ ላዩ ግራጫ ነው፣ ውስጡ ደርቋል፣ ሳህኑ ላይ ውሃ አቁሯል

ከእንግዳ የሚመለሱት ሳህኖች አብዛኞቹ ይህን ምልክት ይዘው ይመጣሉ። ጠባሹ ባለሉካንዳውን፣ ባለሉካንዳው በሬውን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የውሃ ነው። ሥጋ ቡናማ ሆኖ ሽታው የሚጣፍጠው የላዩ ሙቀት ወደ 140 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲወጣ ነው። መጥበሻው ላይ ውሃ እስካለ ድረስ ደግሞ የሥጋው ገጽ ከውሃው መፍያ ሙቀት አያልፍም፤ ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ይህ ሙቀት 100 ሳይሆን 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጠባሹ ውሃው እስኪመጥ ሲጠብቅ መሐሉ 70ን ያልፋል፣ ላዩ ግን ገና መቅላት አልጀመረም፤ ይህ በስሙ ስቴክ ቢባልም በግብሩ ቅቅል ነው። ደረቅ የሚወድ እንግዳ ጉድለቱን ብዙም ሳያስተውለው በልቶ ይሄዳል። የሚጎዳው ለብለብ ያዘዘው ነው፤ የእሱ ስቴክ ውሃው ሳይመጥ መነሳት ነበረበትና።

ውሃው የሚመጣባቸው በሮች ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው ሥጋን አጥቦ እያንጠባጠበ መጥበሻ ላይ መጣል ነው፤ ማጠብ ጀርምን አይገድልም፣ በገንዳው ዙሪያ ይበትነዋል እንጂ። ሁለተኛው መሐሉ በረዶ የሆነ ሥጋ ነው። ሦስተኛው ጨው ነው፤ ጨው ከተነሰነሰ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች ውሃን ወደ ላይ ይስባል፣ ሥጋው መልሶ የሚመጠው ቆይቶ ነው፤ ስለዚህ ወይ ከ40 ደቂቃ በላይ አስቀድሞ፣ ወይ ልክ መጥበሻው ላይ ሲቀመጥ ይጨመር፣ በመሐል ያለው ጊዜ ግን ከሁሉም የከፋ ነው። አራተኛው፣ እጅግም የሚያበሳጨው፣ ሽንኩርቱንና ቃሪያውን ከሥጋው ጋር አብሮ መጨመር ነው። ሽንኩርት በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ለብቻው ይጠበስና በመጨረሻ ከላይ ይደረግ።

አምስተኛው ማጨናነቅ ነው። በአንድ የጥምቀት ዕለት፣ የገሃድ ጾም ተፈትቶ ከፋሲል ጥምቀተ ባሕር የተመለሰው ሕዝብ አዳራሹን በሞላበት ሰዓት፣ አንድ ወጣት ጠባሽ ትእዛዝ ለማፍጠን ሲል ስድስት ስቴክ በአንድ መጥበሻ ላይ ደረደረ። መጥበሻው ችስ የሚል ድምፁን አጥፍቶ መንተክተክ ጀመረ፣ ስድስቱም ተመለሱ፣ ሁለት ሁለቱን እያደረገ ቢጠብስ ኖሮ ከወሰደበት ጊዜ እጥፍ በሚሆን ጊዜ እንደ አዲስ ተሠሩ። ድምፁ ሲደክም ሥጋው እየተቀቀለ መሆኑን ጆሮ ከዓይን ቀድሞ ያውቃል።

መፍትሄው እንዲህ ነው። ሥጋው ሁለት ጣት ያህል ውፍረት ይኑረው፤ ስስ ቁራጭ ላዩ ሳይቀላ መሐሉ ስለሚያልፍ ለለብለብ አይሆንም። በንጹሕ ጨርቅ ተጫን ተጫን ተደርጎ ይድረቅ። ከባድ የብረት መጥበሻ የተጨመረበት ዘይት ጢስ ማሳየት እስኪጀምር ይጋል፣ በቁራጮቹ መካከልም ክፍት ቦታ ይተው። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጡት ስስ የአሉሚኒየም መጥበሻዎች ቀዝቃዛ ሥጋ ሲነካቸው ወዲያው ይቀዘቅዛሉ፤ እነርሱን ገዝቶ ስለ ሥጋ ማማረር ተገቢ አይደለም። ማታ የመብራት ኃይል ሲዳከም የኤሌክትሪክ ምድጃው ቀልቶ እንኳ በቂ ሙቀት አይሰጥምና ከሰል ወይም ጋዝ ይዘጋጅ። ለጋ ቅቤ በዚህ ሙቀት ያራል፤ ንጥር ቅቤና የጥብስ ቅጠል የሚጨመሩት ሊወጣ ሲል ነው።

ምልክት፦ ከጓዳ ሲወጣ ልክ ነበር፣ ገበታው ላይ አለፈ

ስቴክ ከእሳት ከወረደ በኋላም የመሐል ሙቀቱ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ይጨምራል። ስለዚህ ቀደም ብሎ ወርዶ አምስት ደቂቃ ያህል ይረፍ። ፍም የያዘ ሸክላ ላይ አድርጎ ማቅረብ ለደረቅ ጥብስ ያማረ ነው፤ ለለብለብ ግን እንግዳው እያወራ ሳለ ትእዛዙን ይለውጥበታል።

ምልክት፦ ሙቀቱ ልክ ነው፣ ሥጋው ግን አይታኘክም

ዛሬ ጠዋት የታረደ በሬ ለጥሬ ሥጋ ተመራጭ ቢሆንም፣ ለስቴክ ሲሆን ጡንቻው ገና ግትር ነው፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ቢያድር ይለሰልሳል። ያረሰ በሬ ወርች ደግሞ የሚለሰልሰው ረጅም ሰዓት ሲቀቀል ስለሆነ ለወጥ ይተውና ጭቅና ወይም ሽንጥ ይመረጥ።

ምልክት፦ እንግዳው «ደም አለው» ብሎ መለሰው

ቀዩ ፈሳሽ ማዮግሎቢን የሚባል የጡንቻ ቀለም ያለበት ውሃ ነው እንጂ ደም አይደለም፤ ሆኖም ከእንግዳ ጋር መከራከር አያስፈልግም፣ ተመልሶ ይጠበስለት።

ምልክት፦ ቴርሞሜትሩ ይዋሻል

አንድ ባልደረባዬ የፈላ ውሃ ውስጥ ከትቶት 93 ስላሳየው ደህናውን መሣሪያ ጣለው። መፈተሻው በረዶ የበዛበት ውሃ ነው፤ እዚያ ውስጥ ዜሮ ካላሳየ ይጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ ለብለብ የኮሶ ትልን አይገድልም። ትሉ የሚሞተው መሐሉ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲደርስ ወይም ሥጋው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ቢያንስ 10 ቀን ሲቆይ ነው፤ ስለዚህ በሐኪም ያልተመረመረና የቄራ ማህተም የሌለው ሥጋ ለብለብ አይቅረብ። የተፈጨ ሥጋ ደግሞ ላዩ ላይ የነበረው ጀርም መሐሉ ድረስ ስለሚገባ፣ ማንም ያዝዘው ማን፣ እስከ 71 ዲግሪ ይብሰል።