የፈጠራ ጽሑፍ መምህራንና ምሩቃን ዜና ሲጻፍ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የፈጠራ ጽሑፍ የሚያስተምር ፕሮግራም ሁሉ የመምህራኑንና የምሩቃኑን ዜና በየጊዜው ያወጣል። ማን መጽሐፍ እንዳሳተመ፣ ማን እንደተሸለመ፣ የማን መጽሐፍ መቼ እንደሚመረቅ የሚያበስሩት እነዚህ አጫጭር ጽሑፎች ቀላል ሥራ ስለሚመስሉ ብዙውን ጊዜ ለአዲስ ረዳት ወይም ለፕሮግራሙ ተማሪ ይሰጣሉ። ዜናዎቹን የማረም ኃላፊነት ስላለብኝ፣ ያው ስህተት በተለያዩ ሰዎች እጅ ተጽፎ ሲመጣ ዘወትር አያለሁ። ጸሐፊዎቹ ቅን ሰዎች ናቸው፤ የጓደኞቻቸውና የመምህሮቻቸው ስኬት ከልብ ያስደስታቸዋል። ችግሩ የሚመጣው ይህ ደስታ ማጣራትን ሲቀድም ነው።

ከሁሉ የከፋውና ከሁሉ ይልቅ የሚደጋገመው «ለሽልማት ታጨ» ብሎ ሳያጣሩ መጻፍ ነው። አንድ መጽሐፍ ወደ ሽልማት የሚጓዘው በደረጃ ነው። አስቀድሞ አሳታሚው፣ አንዳንዴም ደራሲው ራሱ፣ መጽሐፉን ለውድድር ያስገባል፤ ከዚያ ዳኞች አንብበው ረጅሙን ዝርዝር ያወጣሉ፤ ቀጥሎ አጭሩ ዝርዝር ይመጣል፤ በመጨረሻም አሸናፊው ይታወቃል። በመጀመሪያው እርምጃ ላይ የማንም ዳኛ ፍርድ የለም። ቅጽ ተሞልቷል፣ መጽሐፉ ተልኳል፣ ክፍያ ካለም ተከፍሏል፤ ከዚህ ያለፈ የሆነ ነገር የለም። ይህን «እጩነት» ብሎ ማብሰር ለፈተና የተመዘገበን ሰው አልፏል እንደማለት ነው።

በአንድ ወቅት «ምሩቃችን ለፑሊትዘር ሽልማት ታጨች» የሚል፣ በአሜሪካ ለጋዜጠኝነትና ለመጻሕፍት የሚሰጠውን ታዋቂ ሽልማት የሚጠራ ርዕስ የያዘ ዜና ለእርማት ቀረበልኝ። ወሬው ከየት እንደተገኘ ስጠይቅ አሳታሚው ለደራሲዋ የጻፈው ደብዳቤ ተላከልኝ። ደብዳቤው የሚለው መጽሐፉን ለውድድሩ አስገብተናል ብቻ ነበር። ዜናውን የጻፈው ረዳት ለመዋሸት አላሰበም፤ መግባትና መታጨት አንድ መስሎት ነው። ይሁን እንጂ የፑሊትዘርን አሠራር ለአፍታ ቢያጣራ ኖሮ ዜናው ሊሆን የማይችል መሆኑን ይረዳ ነበር፤ ምክንያቱም በዚህ ሽልማት የመጨረሻ ተፎካካሪ የሚባሉት በየዘርፉ ብዙውን ጊዜ 3 ሥራዎች ናቸው፣ ስማቸውም ይፋ የሚሆነው ከአሸናፊው ጋር በአንድ ቀን ነው። ከዚያ ቀን በፊት «ታጨ» የሚል ዜና መሠረት ሊኖረው አይችልም። የሽልማቱ አስተዳዳሪዎችም ወደ ውድድሩ የገባ ደራሲ ሁሉ ራሱን እጩ ብሎ እንዳይጠራ ያሳስባሉ።

ስለ ኖቤል ሲጻፍ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በሥነ ጽሑፍ ኖቤል የሚጠቆሙ ሰዎች ስም ለ50 ዓመት በምስጢር የሚያዝ ነው። ጥቆማ የማቅረብ መብት ካላቸው መካከል የሥነ ጽሑፍና የሥነ ልሳን ፕሮፌሰሮች፣ ቀደም ሲል የተሸለሙ ደራስያንና የደራስያን ማኅበራት ፕሬዚዳንቶች ስለሚገኙ፣ አንድ መምህራችን በእርግጥ ተጠቁመው ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ማረጋገጥ የሚቻልበት መንገድ ስለሌለ በሕይወት ካለ ሰው ስም አጠገብ «የኖቤል እጩ» ብሎ መጻፍ አይገባም።

በብሪታንያ በእንግሊዝኛ ለተጻፈ ልብ ወለድ በሚሰጠው የቡከር ሽልማት ረጅሙ ዝርዝር 12 ወይም 13 መጻሕፍት፣ አጭሩ ዝርዝር 6 መጻሕፍት ይይዛል፤ አጭሩ ዝርዝር ውስጥ የገባ ደራሲ 2,500 ፓውንድ፣ አሸናፊው 50,000 ፓውንድ ያገኛል። ስለዚህ ጥንቁቅ ጸሐፊ «ልብ ወለዷ በረጅሙ ዝርዝር ከገቡት 13 መጻሕፍት አንዱ ሆኗል» ብሎ ይጽፋል። ይህ ዓረፍተ ነገር ማጋነን ሳያስፈልገው ትልቅ ነገር ይናገራል። «ለታላቅ ዓለም አቀፍ ሽልማት ታጭታለች» የሚለው ግን ሽልማቱንም፣ ደረጃውንም፣ መጽሐፉንም አይነግረንም። ጉዳቱን የምትሸከመው ደግሞ ደራሲዋ ናት። የሙያ ባልደረቦቿ እነዚህን ደረጃዎች ጠንቅቀው ስለሚያውቁ፣ ያላገኘችውን ነገር ያገኘች አስመስሎ ያቀረባት ዜና ያሳፍራታል፤ በሌላ ጊዜ እውነተኛ ስኬት ስታገኝም አንባቢ በጥርጣሬ ያነበዋል።

ሁለተኛው ስህተት የደራሲውን ስኬት ለፕሮግራሙ መስጠት ነው። «ፕሮግራማችን ያፈራቸው» የሚለው አነጋገር እጅግ ስለተለመደ ጸሐፊዎቹ ምን እያሉ እንደሆነ ልብ አይሉትም። እ.ኤ.አ. በ1936 የተመሠረተው፣ በአሜሪካ የሚገኘው የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የጸሐፍት ወርክሾፕ በዓለም ላይ ከታወቁት የዚህ ዓይነት ፕሮግራሞች ሁሉ በዕድሜ የቀደመ ሲሆን፣ ስለ ምሩቃኑ ዝና ሲናገር ይህ ከእኛ ካገኙት ይልቅ ይዘውት ከመጡት የመነጨ ነው ብለን እናምናለን ይላል። እንዲህ ያለ ስም ያለው ተቋም ይህን ያህል ከተቆጠበ ሌሎቻችን የምንኩራራበት ምክንያት አይታየኝም። የልብ ወለድ ደራሲውን ካዙዎ ኢሺጉሮን እናስብ። በእንግሊዝ ኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1970 በተጀመረው የማስተርስ ፕሮግራም ተምረው በ1980 ተመረቁ፤ የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸው በ1982 ታተመ፤ ቡከርን በ1989፣ ኖቤልን በ2017 አገኙ። በምረቃቸውና በኖቤል ሽልማታቸው መካከል 37 ዓመት አለ። በእነዚያ ዓመታት ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጠው የጻፉት እሳቸው ናቸው። «በዚህ ፕሮግራም በ1980 ተመርቀዋል» ብሎ ማቆም ለተቋሙም ከበቂ በላይ ክብር ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ዝምድናን ማምታታት ነው። የሁለት ሳምንት ወርክሾፕ የተካፈለ ሰው ምሩቅ አይባልም፤ አንድ ቀን በእንግድነት መጥተው ያነበቡ ገጣሚም መምህራችን አይደሉም። ትምህርቱን ጀምሮ ያቋረጠን ደራሲ ዝነኛ ከሆነ በኋላ በምሩቃን ዝርዝር ማስገባት ደግሞ ደራሲው ራሱ በቃለ መጠይቅ የሚያፈርሰው ዜና ነው።

ተርጓሚን መርሳት በጣም ያሳዝነኛል። ወደ እንግሊዝኛ ለተተረጎመ ሥራ የሚሰጠው ዓለም አቀፉ የቡከር ሽልማት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ 50,000 ፓውንዱን ለደራሲውና ለተርጓሚው እኩል ያካፍላል። በዚያው ዓመት ያሸነፉት፣ በሴኡል የሥነ ጥበባት ተቋም የፈጠራ ጽሑፍ ያስተምሩ የነበሩት ሃን ካንግና ልብ ወለዱን ከኮሪያኛ ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት ዲቦራ ስሚዝ ናቸው። ዳኞች እኩል የሸለሟቸውን ሁለት ሰዎች ዜና ጸሐፊው አንዱን ብቻ ጠርቶ የሚያልፍበት ሥልጣን የለውም። በየፕሮግራሙ ወደ ትርጉም ሥራ የሚያዘነብሉ ምሩቃን አሉ፤ ስማቸው በሽፋኑ ላይ በትንሽ ፊደል ወይም በውስጥ ገጽ ብቻ ስለሚታተም ዜናቸው ወደ እኛ አይደርስም። ፈልጎ ማግኘት የእኛ ሥራ ነው።

ሽልማት የተጋራን ሰው ብቻውን እንዳሸነፈ አድርጎ መጻፍም የዚሁ ወገን ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በብሩኔል ዩኒቨርሲቲ ለንደን የፈጠራ ጽሑፍ ፕሮፌሰር የነበሩት በርናርዲን ኤቫሪስቶ ቡከርን ያገኙት ከካናዳዊቷ ደራሲ ከማርጋሬት አትዉድ ጋር ተጋርተው ነው። ይህን መጻፍ ከክብራቸው አንዳች አይቀንስም፤ ሽልማቱን በማግኘት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት መሆናቸውም በዚያው ዓረፍተ ነገር ሊነገር ይችላል።

ስለ ኤቫሪስቶ ካነሣሁ አይቀር፣ የመምህራንን ስኬት በራሳቸው መጻሕፍትና ሽልማቶች ብቻ መለካት ሌላው ጉድለት ነው። እኚሁ መምህርት እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኒቨርሲቲያቸው ለአፍሪካ ገጣሚያን የሚሰጥ ዓለም አቀፍ የግጥም ሽልማት አቋቁመዋል፤ በ2013 የመጀመሪያዋ ተሸላሚ የሆነችው ዋርሳን ሻየር ዛሬ በዓለም የምትታወቅ ገጣሚ ናት። መምህር ማለት ለሌሎች በር የሚከፍት ሰው ከሆነ፣ ሽልማት ማቋቋም፣ መጽሔት ማዘጋጀት፣ የወጣቶችን መድበል ማረም፣ በዳኝነት መቀመጥ ሁሉ የመምህርነት ሥራዎች ናቸውና በዜናው ውስጥ ቦታ ሊያገኙ ይገባል። አንድ መምህር ለዓመታት መጽሐፍ ስላላሳተሙ ብቻ ስማቸው ከዜናችን ሲጠፋ አይቻለሁ፤ በእነዚያው ዓመታት ግን የተማሪዎቻቸውን ረቂቆች ገጽ በገጽ በእርሳስ እያረሙ ለኅትመት ያበቁት እሳቸው ነበሩ።

ይፋ የሚሆንበት ቀን ያልደረሰን ውጤት ማውጣት ፈጽሞ አይፈቀድም። አንዳንድ ሽልማቶች ውጤቱን ለአሸናፊው ወይም ለአሳታሚው አስቀድመው በምስጢር ይነግራሉ፤ ዜናው በአንድ ቀን ቢቀድም እንኳ ከሽልማቱ አዘጋጆች ጋር የሚጣላው ደራሲው ነው።

የመጽሐፉን ርዕስና የደራሲውን ስም በሽፋኑ ላይ እንዳለው ይጻፉ፤ በብዕር ስም የሚጽፍን ሰው በመዝገብ ስሙ መጥራት የመረጠውን ማንነት መንጠቅ ነው።

ወደ ዝግጅቶች እንምጣ። በመጽሐፍ ምረቃና በንባብ ምሽት ላይ የማየው ትልቁ ስህተት ጊዜውን ከደራሲው መውሰድ ነው። አንድ ምሽት የመጀመሪያ የግጥም መድበሏን የምታስመርቅ ወጣት ገጣሚ ነበረች። መድረክ መሪው ሥራዎቿ የወጡባቸውን መጽሔቶች በሙሉ አንድ በአንድ ዘረዘረ፤ ቀጥሎ የፕሮግራሙ ኃላፊ ስለ ፕሮግራሙ ታሪክ ተናገሩ፤ ከዚያም ሁለት አስተያየት ሰጪዎች ግጥሞቹን ተነተኑ። ገጣሚዋ መድረክ ላይ ስትወጣ አዳራሹን የሚዘጉት ሠራተኞች በሩ ላይ ቆመው ነበር። በጠቋሚ ወረቀት ለይታ ካዘጋጀቻቸው ግጥሞች አብዛኞቹን አልፋ አጫጭሮቹን ብቻ አነበበች፤ ታዳሚው ስለ ግጥሞቿ ብዙ ሰምቶ ግጥሞቿን ሳይሰማ ተበተነ። ከዚያ በኋላ በማዘጋጃቸው ዝግጅቶች ላይ ደራሲው አስቀድሞ ያነብባል፤ ንግግርና ትንታኔ ከንባቡ በኋላ ይመጣል። ጠያቂ ሆኖ የሚቀመጠው ሰውም መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ገጽ ያነበበ መሆን አለበት። «መጽሐፉን ለመጻፍ ምን አነሣሣዎት?» ከሚለው ያለፈ ጥያቄ የሌለው ሰው አላነበበም ብዬ እገምታለሁ።

በኢንተርኔት ለሚካሄድ ንባብ ሰዓቱ የየትኛው አገር እንደሆነ መግለጽ ግዴታ ነው። ከዝግጅቱ በፊት ማስታወቂያ አውጥቶ ከዝግጅቱ በኋላ ዝም ማለትም ልማድ ሆኖብናል። ምን እንደተነበበ፣ ታዳሚው ምን እንደጠየቀ የሚያወሳ አንድ አንቀጽ በቦታው ላልነበረ ምሩቅ ከማስታወቂያው የበለጠ ይጠቅመዋል።

የመጨረሻው ስህተት ዜና እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ስኬታቸውን ራሳቸው የሚልኩልን ምሩቃን ጥቂቶች፣ ብዙውን ጊዜም እነዚያው ናቸው። አንድ አጭር ልብ ወለድ በትንሽ መጽሔት ያወጣ፣ ከብዙ እምቢታ በኋላ አሳታሚ ያገኘ፣ በማረሚያ ቤት ወይም በሆስፒታል የጽሑፍ ወርክሾፕ የሚመራ ምሩቅ ይህ ዜና ይሆናል ብሎ አያስብም። ስለዚህ በየመንፈቁ ለሁሉም አንድ አጭር ደብዳቤ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤውም ስማቸው እንዴት እንዲጻፍ እንደሚፈልጉ፣ የሥራቸውን ሙሉ ርዕስና ዘርፍ፣ አሳታሚውን፣ የወጣበትን ቀን፣ ተርጓሚ ወይም ተባባሪ ካለ ስሙን፣ ሽልማት ከሆነ የትኛው ደረጃ ላይ እንደደረሰና ይፋ የሚሆንበትን ቀን፣ በመጨረሻም ዜናው እንዲወጣ ይፈቅዱ እንደሆነ ይጠይቅ። መልስ ያልሰጠውን ሰው በሚቀጥለው መንፈቅ ደግሞ መጠየቅ ነው።