ያለ ቀልድ መሳቅ

ከሥራ ስትወጡ ትከሻችሁ ደርቆ፣ ቤት ያለውን ሰው በሆነ ባልሆነው የምትቆጡ ከሆነ ይህን ሞክሩ። በር ዝጉና ቁሙ። እያጨበጨባችሁ «ሆ ሆ፣ ሃ ሃ ሃ» በሉ፤ ድምፁ ከሆድ ይውጣ። ቀጥሎ በአፍንጫ አየር በረጅሙ ስባችሁ በሳቅ አስወጡት። አምስት ደቂቃ ይበቃል። የመጀመሪያዋ ደቂቃ ትከብዳለች፣ አታቋርጡ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ዓይን ለዓይን ከተያያችሁ የውሸቱ ሳቅ ሳታስቡት የእውነት ይሆናል። ልጆች ካሉማ የበለጠ ጥሩ፤ እነሱ ወዲያው ይገባቸዋል።

ሳቅ ትንፋሽን ከሥር ጠርጎ ያስወጣል፤ ሲያበቃ ጡንቻ ይላላል። ይህ ልምምድ «የሳቅ ዮጋ» ይባላል። ሕንዳዊው ሐኪም ማዳን ካታሪያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 ሙምባይ መናፈሻ ውስጥ ጀመሩት። መጀመሪያ ቀልድ እያወሩ ነበር የሚስቁት። ቀልዱ ሲያልቅባቸው ያለ ቀልድ ቀጠሉ፤ ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፣ ለመሳቅ ደስ እስኪለን መጠበቅ የለብንም።

ሄርኒያ (የሆድ ዕቃ በላላ ጡንቻ በኩል ወጥቶ ማበጥ) ያለባችሁ፣ በቅርብ ቀዶ ሕክምና ያደረጋችሁ፣ ደም ግፊታችሁ ያልተስተካከለ ወይም ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ ሐኪም ሳትጠይቁ አትጀምሩ። ድብርቱ ሳምንታት ከቆየ ደግሞ ሳቁ ሕክምናን አይተካም፤ እባካችሁ ባለሙያ ጋ ሂዱ።