ቪፒኤኑ "ተገናኝቷል" እያለ የቢሮው ፋይል አልከፈት ሲል

ከቤት ወደ ቢሮ ኔትወርክ ሚያስገባችሁ ቪፒኤን ጭራሽ አልገናኝ ካለ መጀመሪያ የስልክ ዳታ አብርታችሁ ከውጪ ሞክሩት፣ እዛው ቢሮ ዋይፋይ ላይ ሆኖ መሞከር ያሳስታል፣ ብዙ ራውተር ከውስጥ ዞሮ ሚመጣውን አይቀበልም። ከዛ ራውተሩ ላይ ለቪፒኤኑ የተከፈተውን ፖርት (የመግቢያ በር ቁጥር) እዩ፣ ካልቀየራችሁት ዋየርጋርድ ሚባለው ቪፒኤን 51820 ኦፕንቪፒኤን ሚባለው ደሞ 1194 ነው፣ ሁለቱም ዩዲፒ ናቸው (ዩዲፒና ቲሲፒ ሁለት የተለያዩ የዳታ መላኪያ ዘዴዎች ናቸው)። እኔ አንዴ ቲሲፒ ብዬ ከፍቼ ግማሽ ቀን ራውተሩን ስሳደብ ውያለሁ።

ፖርቱ ልክ ሆኖም እምቢ ካለ ራውተሩ ላይ ዋን (የኢንተርኔቱ በኩል) ሚለውን አይፒ አድራሻ እዩት። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ሚጀምር ከሆነ ኢንተርኔት አቅራቢው አንድ ፐብሊክ አይፒ ለብዙ ደንበኛ እያካፈለ ነው ማለት ነው፣ ስለዚህ ፖርት ብትከፍቱ ባትከፍቱ ያው ነው። ወይ ፐብሊክ አይፒ ጠይቁ ወይ ውጪ ትንሽ ሰርቨር ተከራዩና ቢሮውም እናንተም እሱ ላይ ተገናኙ።

ዋየርጋርድ "አክቲቭ" ሲል ደሞ አትመኑት፣ ከወዲያ ማንም ባይመልስለትም አክቲቭ ይላል። ማየት ያለባችሁ የመጨረሻው ሃንድሼክ (ሁለቱ ወገኖች የተነጋገሩበት ጊዜ) ሚለውን መስመር ነው፣ እሱ ከሌለ አልተገናኘም፣ አብዛኛውን ጊዜ ቁልፍ ተቀያይሮ ነው፦ የሰርቨሩ ፐብሊክ ኪይ ላፕቶፑ ላይ፣ የላፕቶፑ ደሞ ሰርቨሩ ላይ ነው ሚገባው።

ሃንድሼክ እያለ ፋይል ሰርቨሩ ካልተገኘ እኔ መጀመሪያ ምጠረጥረው ሰብኔት (ኔትወርኩ ሚጠቀምበት የአይፒ ክልል) ነው። ቤትም ቢሮም 192.168.1 ከሆኑ ላፕቶፑ 192.168.1.10ን ሲፈልግ እዛው ቤት ውስጥ ነው ሚፈልገው፣ ቪፒኤኑ ጋ አይደርስም። የቢሮውን እንደ 10.37.12 ወዳለ ብዙ ሰው ወደማይጠቀምበት ቀይሩት፣ ግን በእጅ አይፒ የተሰጠው ፕሪንተር ካለ ቀድማችሁ መዝግቡ አለዛ ጠዋት ሁሉም ሰው እናንተ ላይ ነው ሚጮኸው። ሰብኔቱ ከተለያየና የቪፒኤን ሰርቨሩ ራሱ ራውተሩ ካልሆነ የመመለሻ መንገድ ጎድሏል፣ ራውተሩ ላይ የቪፒኤኑ ሰብኔት በዛ ሰርቨር በኩል እንደሚሄድ ስታቲክ ራውት ጨምሩ። እሱም ካለ የፋይል ሰርቨሩ ዊንዶውስ ፋየርዎል ነው፣ ፋይል ሼሪንግን ለራሱ ሰብኔት ብቻ ነው ሚፈቅደው፣ የቪፒኤኑን ሰብኔት አስገቡለት።

በአይፒ ተከፍቶ በስም እምቢ ካለ ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ ሚቀይረው) ነው፣ ላፕቶፑ ላይ ባለው የቪፒኤን ክላየንት የቢሮውን ዲኤንኤስ ጻፉ።

ፒንግ ሰርቶ ትልቅ ፋይል መሃል ላይ ደርቆ ከቀረ የዋየርጋርዱን ኤምቲዩ (በአንዴ ሚላከው የዳታ ጥቅል መጠን) ከ1420 ወደ 1280 አውርዱና እንደገና ተገናኙ።