የቲምናን ጥንታዊ የመዳብ ማውጫ ድንጋዩን እያነበቡ እንዴት እንደሚጎበኙ

በደቡብ እስራኤል ያለው ቲምና ሸለቆ ከኤላት ከተማ በስተሰሜን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። አብዛኛው ጎብኚ በቀጥታ ወደ «የሰለሞን ምሰሶዎች» ይነዳል፣ ቀዩ ገደል ስር ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ወደ ባሕሩ ይመለሳል። ያሳዝናል። ሸለቆው እኮ ከ600 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው ዓለት፣ የፈርዖኖች ቆፋሪዎች ጉድጓድና የመዳብ ማቅለጫ ስፍራ በአንድ ቀን የሚታዩበት ቦታ ነው። ቁም ነገሩ ቅደም ተከተሉ ነው። መዳቡ በሄደበት መንገድ ሂዱ፦ መጀመሪያ ዓለቱ፣ ቀጥሎ ጉድጓዱ፣ መጨረሻ ላይ እሳቱ።

ከመሄዳችሁ በፊት

ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ይሻላል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው የእስራኤል በጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ጥላም እንደ ልብ አይገኝም። በክረምት ደግሞ የአየር ትንበያውን ሳታዩ አትነሱ። ዝናቡ ሩቅ ተራራ ላይ ዘንቦ እናንተ ያላችሁበት ደረቅ የወንዝ መውረጃ በደራሽ ጎርፍ ሊሞላ ይችላል።

መኪና ያስፈልጋል፤ ሸለቆው ፓርክ ነው፣ ውስጡ ያሉት ቦታዎችም ይራራቃሉ። ከበኤር ሸቫ የምትመጡ በጠዋት ተነሱ፣ መንገዱ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ብዙ ውኃ፣ ኮፍያ፣ የማያንሸራትት ጫማ፣ አጉሊ መነጽር፣ ደብተርና ባለ ቀለም እርሳስ ያዙ። መዶሻ አያስፈልግም። ከፓርኩ ድንጋይ ማንሳት ክልክል ነው፣ መከልከሉም ተገቢ ነው። ሁሉም አንድ አንድ አረንጓዴ ጠጠር ቢወስድ ለልጆቻችን የሚቀር የለም።

ከታች ጀምሩ

ሸለቆው የፈረስ ኮቴ ቅርጽ አለው፤ መሃሉ ላይ የቲምና ተራራ ቆሟል። ጠቆር ያለው የተራራው ዓለት ከመሬት ውስጥ ቀልጦ ወጥቶ የቀዘቀዘ ነው፤ ግራናይትም አለበት። ሁሉም ነገር የተነጠፈው በዚህ መሠረት ላይ ነው። ከእሱ በላይ ቀይና ነጭ የአሸዋ ድንጋይ አለ። ከሁሉም በላይ፣ ገደሉ አናት ላይ፣ ባሕር አካባቢውን ሸፍኖት በነበረ ጊዜ የተጠራቀመ የኖራ ድንጋይ ይታያል።

እዚህ አትቸኩሉ። ቁጭ በሉና ገደሉን በእርሳስ ሳሉት። ጥሩ ሥዕል መሆን የለበትም፤ የትኛው ቀለም የት ላይ ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ ካሳየ ይበቃል። ፎቶ ብቻ የሚያነሳ ሰው የንብርብሩን መለወጫ መስመር ያልፈዋል። የሚስል ሰው ግን ሳይወድ በግዱ ያየዋል።

መዳቡን በአሸዋ ድንጋዩ ውስጥ ፈልጉ። መዳብ የያዘ ውኃ በዓለቱ ውስጥ ሲያልፍ ማዕድኑን እዚያ አስቀርቶታል። አረንጓዴው ማላካይት ነው፣ ሰማያዊው አዙራይት። ነጩ ድንጋይ ላይ ሽንብራ የሚያካክል አረንጓዴ እንክብል ካያችሁ፣ የጥንቶቹ ሰዎች ያሳድዱት የነበረው እሱን ነው።

ጉድጓዶቹ

ቀጥሎ የተፈጥሮ የድንጋይ ቅስቶች ወዳሉበት አካባቢ ሂዱ። መሬቱ ላይ ክብ ክብ ጠፍጣፋ ቦታዎች ታያላችሁ። እነዚህ በደለልና በአሸዋ የተሞሉ የጥንት ጉድጓዶች ናቸው፤ በሸለቆው በሺህ ይቆጠራሉ። ለጎብኚ በተከፈቱት ውስጥ ግድግዳውን በባትሪ ከጎን አብሩበት። የመሮው ምልክት ያኔ ጎልቶ ይወጣል። ቆፋሪዎቹ እየረገጡ የሚወርዱባቸውን ትንንሽ የእግር ማሳረፊያዎችም ፈልጉ። ካልተከፈቱት ግን ራቁ፣ የልጆችንም እጅ ያዙ።

ማቅለጫው

ለእኔ የጉዞው ልብ ይህ ነው። የማዕድን ድንጋዩ ከግራር ከሰል ጋር እቶን ውስጥ ይገባል። ብረት ወይም ማንጋኒዝ ያለበት ድንጋይ ይጨመርበታል፤ ቆሻሻው ቀልጦ ከመዳቡ እንዲለይ ይረዳል። ከዚያ በሸክላ አፍ በኩል በወናፍ ይነፋል፣ ሙቀቱ 1200 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ። መሬት ላይ ጥቁር፣ ከበድ ያለ፣ እንደ ብርጭቆ የሚያብለጨልጭ፣ አረፋና የፍሰት መስመር ያለበት ነገር ካያችሁ ከማቅለጡ የተረፈው ዝቃጭ ነው።

አያት ወይም አባት ካላችሁ ይዛችኋቸው ሂዱ። ቤተ እስራኤል በጎንደር አካባቢ በብረትና በሸክላ ሥራ የታወቁ ነበሩ። ወናፍ ሲነፋ ያደገ ሽማግሌ እዚያ ቆሞ የሚነግራችሁን ማብራሪያ ሰሌዳው አይነግራችሁም። «አባባ፣ እሳቱ መድረሱን በምን ያውቁ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ልጆቹም ይስሙ።

የሰለሞን ነገር

የእኛ ሰው እዚህ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማውጫው የንጉሥ ሰለሞን ነበር ወይ?» ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አርኪዮሎጂስቱ ኔልሰን ግሉክ ማውጫውን ከንጉሥ ሰለሞን ጋር አያያዘው። በ1969 ግን የአርኪዮሎጂስቱ የቤኖ ሮተንበርግ ቡድን ምሰሶዎቹ ሥር የግብፃውያን ሴት አምላክ የሆነችውን የሐቶርን ቤተ መቅደስ አገኘ። ከአንደኛው ሴቲ እስከ አምስተኛው ራምሴስ ያሉ ፈርዖኖች ስም ወጣ። ነገሩ ወደ ግብፅ ዞረ፤ ሰለሞን ከሥዕሉ ወጣ ተባለ።

ከዚያ ከ2010ሮቹ ጀምሮ አርኪዮሎጂስቱ ኤሬዝ ቤን ዮሴፍና ባልደረቦቹ «የባሪያዎች ኮረብታ» በሚባለው የማቅለጫ ስፍራ የተገኙ የተምር ፍሬዎችንና የመሳሰሉትን ዕድሜን በሚለካው የካርቦን ምርመራ መረመሩ። ዕድሜያቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት 10ኛው ክፍለ ዘመን ሆነ። ይህ የዳዊትና የሰለሞን ዘመን የሚባለው ነው። ግን ተጠንቀቁ፤ ዘመኑ ገጠመ ማለት ባለቤቱ ሰለሞን ነው ማለት አይደለም። ተመራማሪዎቹ ሥራውን የሚሰጡት ለኤዶማውያን ነው። ሠራተኞቹም ባሪያ አይመስሉም፤ ጥሩ ሥጋ፣ ከሜዲትራኒያን የመጣ ዓሣ ሳይቀር ይበሉ ነበር።

ደብተራችሁን ለሁለት ከፍላችሁ በአንዱ በኩል ያያችሁትን፣ በሌላው የሰማችሁትን ጻፉ። ልጆች በዚህ ቶሎ ይማራሉ።

ከመውጣታችሁ በፊት

ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ከኋላችሁ ስትሆን፣ ሸለቆው ወደ ምሥራቅ በሚከፈትበት ቁሙ። ከዓረባ ሸለቆ ማዶ የዮርዳኖስ አገር ተራሮች አሉ። እዚያም ፌይናን የሚባል ጥንታዊ የመዳብ ማውጫ አለ፣ ዓለቱም ከቲምና ጋር ይመሳሰላል። ሁለቱ ድሮ ይቀራረቡ ነበር። በመካከላቸው ያለው የመሬት ስንጥቅ የዓረቢያን ምድር ወደ ሰሜን 105 ኪሎ ሜትር ያህል ስለገፋው ተለያዩ። ይህ ስንጥቅ በቀይ ባሕር በኩል አፋር ላይ ከስምጥ ሸለቋችን ጋር የሚገናኘው ሥርዓት አካል ነው። በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ካርታ ሳሉ፦ ከታች አፋርን፣ ከላይ ቲምናን፣ ከእሱም በላይ ፌይናንን፣ በየስንጥቁም ላይ ምድሩ የሚሄድበትን አቅጣጫ በቀስት።