ፉርሽካው ለምን ሸተተ? በፈንገስ የሚብላላ የዶሮ መኖ፦ ችግርና መፍትሄ

ይህን የምጽፈው ፉርሽካ በእንፋሎት አብስሎ፣ አቀዝቅዞ፣ ራይዞፐስ ኦሊጎስፖረስ የሚባለውን ፈንገስ እርሾ ነስንሶ ለሚያውቅ ሰው ነው። ዕቃ ስለማጠብ አልደግምም። የምንለፋበትንም ምክንያት ታውቁታላችሁ። በፉርሽካ ውስጥ ያለው አብዛኛው ፎስፈረስ ፋይቴት በሚባል ውህድ ታስሯል። ዶሮ እሱን የሚፈታ ኢንዛይም በበቂ መጠን የላትም። ፈንገሱ ይፈታላታል።

ምልክት፦ የአሞኒያ ሽታ፣ የሚያዳልጥ፣ መሃሉ የጠቆረ

ሰው ከሚያማክረኝ አብዛኛው ይኸው ነው። ምክንያቱም ሁሌ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ውሃው በዝቷል፣ ወይ ንብርብሩ ወፍሯል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም።

ፈንገስ ይተነፍሳል። በፉርሽካው መሃል ያለውን ክፍተት ውሃ ከሞላው አየር ያጣል። ያኔ ባክቴሪያ ቦታውን ይይዝና ፕሮቲኑን እየሰባበረ ወደ አሞኒያ ይለውጠዋል። አፍንጫችሁን የሚወጋው ሽታ ለዶሮዋ ያሰባችሁት ፕሮቲን ነው።

አንድ አርቢ ትሪ ማጠብ ሰልችቶት 40 ኪሎ ፉርሽካ በአንድ በርሜል ጠቅጥቆ ከደነው። በማግስቱ ስሄድ ላዩ ነጭ ነው። «አየህ እንዴት እንደያዘልኝ!» አለኝ። እጄን እስከ ክርኔ ስሰድ አቃጠለኝና መልሼ አወጣሁት። ቴርሞሜትር ስንከት መሃሉ 54 ዲግሪ። ይህ ፈንገስ የሚስማማው ከ30 እስከ 37 ዲግሪ ነው። ያቃጠለኝን ሙቀት ያስጀመረው ራሱ ፈንገሱ ነው፤ ሲያድግ ይሞቃል፣ መውጫ ካጣ በራሱ ሙቀት ይሞታል። ከበርሜሉ ሥር የወጣው እንደ ጭቃ የሚያዳልጥ ነበር። አንድም ኪሎ አልተረፈም።

መፍትሄው ከሚዛን ይጀምራል። እርጥበቱ 12 በመቶ የሆነ 10 ኪሎ ፉርሽካ 8.8 ኪሎ ደረቅ ነገር አለው። አጠቃላይ እርጥበቱን 55 በመቶ ለማድረስ 9.5 ሊትር ገደማ ውሃ ይፈልጋል። ስህተቱ እዚህ ጋ ነው፤ ሰው 9.5 ሊትሩን መጀመሪያውኑ ያፈስና እንፋሎቱ ደግሞ ሌላ ውሃ ይጨምርበታል። 8 ሊትር ብቻ ጨምሩና አብስሉ። ከዚያ መዝኑ። 19.5 ኪሎ መምጣት አለበት። ከጎደለ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ሙሉት። ከበለጠ ዘርግታችሁ አናፍሱት።

በእጅም አረጋግጡ። ጨብጣችሁ ስትጨምቁት በጣቶቻችሁ መሃል እርጥበት ብቅ ይላል እንጂ አይንጠባጠብም። እጃችሁን ስትከፍቱ ቅርጹን ይዞ ይቆያል፣ በጣት ነካ ስታደርጉት ይፈርሳል። ከተንጠባጠበ እርሾ አታባክኑበት።

ውፍረቱ ከ3 ሳንቲ ሜትር አይለፍ። ትሪዎቹን አታነባብሩ፤ በመሃላቸው ቢያንስ አንድ መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ከ12ኛው ሰዓት ጀምራችሁ በየአራት ሰዓቱ መሃሉን ለኩ። ሌሊትም ጭምር! ብዙው የሚበላሸው ሰው ተኝቶ ነው። 38 ዲግሪ ካለፈ ትሪዎቹን አራርቁ፣ ንፋስ ስጡት።

ቴርሞሜትሩንም አትመኑት። እንደነገሩ የተሠራ አንዱ 6 ዲግሪ አሳንሶ እያነበበ ሦስት ዙር አበላሽቶብኛል። በረዶ በሞላበት ውሃ ውስጥ ስትከቱት ዜሮ ካላነበበ ጣሉት።

በደንብ የያዘ ፉርሽካ እንደ ወፍራም ነጭ ጨርቅ ተያይዞ ከትሪው በአንድ ቁራጭ ይነሳል። ስትቆርሱት እንጉዳይ እንጉዳይ ይሸታል።

ምልክት፦ አረንጓዴ ወይም ቢጫማ ሻጋታ

ሁሉንም ጣሉ። ፍቆ ማስቀረት የለም፤ ማድረቅም ማፍላትም አያድነውም። አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ የሚያመነጨው ሻጋታ ሊሆን ይችላል፣ መርዙ ደግሞ በማብሰል አይጠፋም። በ1960 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ከ100 ሺህ በላይ ተርኪ ዶሮዎች ያለቁት በዚሁ መርዝ በተበከለ የለውዝ ፋጉሎ ነው። ስትጥሉት አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ዶሮ ከማይደርስበት ቦታ ቅበሩት።

መነሻው ሁለት ነው፤ ቀድሞውኑ የሻገተ ፉርሽካ፣ ወይም ካለፈው ዙር እየተቆነጠረ የሚዞር እርሾ። በየዙሩ ንጹህ እርሾ ተጠቀሙ። ከሻገተ ዳቦ ፍቆ እርሾ ያደረገ ሰው አጋጥሞኛል። እባካችሁ፣ ይህን እንዳታደርጉ።

ምልክት፦ ጠርዙ ግራጫ ወይም ጥቁር ሆነ

መጀመሪያ ነጭ ከነበረ ፈንገሱ ዘር ማፍራት ጀምሯል፤ ዘግይታችኋል። በሚቀጥለው ቀደም ብላችሁ አንሱት። ነጭ ሳይሆን በቀጥታ ከጠቆረ ጣሉት።

ምልክት፦ በ24 ሰዓት ምንም አልነጣም

እርሾው ሞቷል፣ ወይም ፉርሽካው ሳይበርድ ነስንሳችኋል።

ምልክት፦ ዶሮዎቹ አልበሉም፣ ወይም ኩሳቸው ቀጠነ

በአንድ ጊዜ ብዙ ሰጥታችኋል። ከመኖው 5 በመቶ ጀምሩና በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያላችሁ ወደ 10 አድርሱት። ለጫጩቶች አትቸኩሉ።

ምልክት፦ የላቦራቶሪ ውጤቱ ፕሮቲኑ ጨመረ ይላል፣ ዶሮዎቹ ግን ለውጥ የላቸውም

ደረቁን ክብደት በፊትና በኋላ መዝኑ። ፈንገሱ ስታርቹን አቃጥሎ ወደ አየር ይለቀዋል፤ የቀረው ሲያንስ የፕሮቲኑ መቶኛ ከፍ ይላል። የፕሮቲኑ ኪሎ ግን ያው ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ለማሳመር ዩሪያ የሚጨምሩም አሉ። ዶሮ እንደ ከብት ዩሪያን ወደ ፕሮቲን አትለውጥም። ሲበዛ ይመርዛታል።

ምልክት፦ ከደረቀ በኋላ በጆንያ ውስጥ ሻገተ

ከላይ ደርቆ ከውስጥ እርጥብ ነበር። ቁራጩን ፈርፍራችሁ በ1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ዘርጉት። በማድረቂያ ከሆነ ከ60 ዲግሪ አትለፉ፤ ፋይቴት የሚፈታው ኢንዛይም ይዳከማል። እርጥበቱ ከ12 በመቶ በታች ሲወርድ በእጅ ስታሹት ኮሽ ይላል። ሳይበርድ ወደ ጆንያ አታስገቡት፤ በትኩሱ ከታሰረ ያልበዋል፣ በላቡ መልሶ ይሻግታል።