የመድኃኒት መጠን ስሌት ለነርሲንግ ተማሪዎች፦ ከቀመሩ በፊት ግምት

የመድኃኒት መጠን ስሌት ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው በሰሌዳ ላይ በሚጻፍ ቀመር ነው፤ የታዘዘው መጠን በእጅ ላለው መጠን ተካፍሎ በፈሳሹ መጠን ይባዛል። ቀመሩ ትክክል ቢሆንም፣ ቁጥሮቹን አቀያይሮ ያስገባ ተማሪ መሳሳቱን ከቀመሩ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ተማሪው ከማስላቱ በፊት መልሱ በግምት ስንት እንደሚሆን እንዲናገር ማስለመድ ያስፈልጋል።

3 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ጨቅላ ሕፃን በኪሎ 5 ሚሊግራም ጀንታማይሲን ታዘዘ እንበል፤ የሚሰጠው 15 ሚሊግራም ነው። በእጅ ያለው አምፑል 80 ሚሊግራም በ2 ሚሊ ሊትር ከሆነ፣ 15 የ80 አንድ አምስተኛ እንኳ ስለማይሞላ፣ የሚቀዳው ከ0.4 ሚሊ ሊትር ማነስ እንዳለበት ተማሪው ድምፁን አሰምቶ ይናገር። ከዚያ ሲያሰላ 0.375 ያገኛል። ነጥቡን አሳስቶ 3.75 ያለ፣ ወይም ክፍልፋዩን ገልብጦ ከ10 ሚሊ ሊትር በላይ ያገኘ ተማሪ፣ ለአንድ ጨቅላ ሁለት አምፑል ወይም ከአምስት በላይ ሊሰብር እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። ይህን ያህል ትንሽ መጠን የሚለካው በ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ መሆኑንም በዚሁ አጋጣሚ ማሳየት ይገባል።

ቀጥሎ የዚያኑ መድኃኒት 20 ሚሊግራም በ2 ሚሊ ሊትር የሚለውን አምፑል ከመጀመሪያው ጎን ያስቀምጡ። ሁለቱም 2 ሚሊ ሊትር ይይዛሉ፤ ከሁለተኛው ግን ለዚያው ሕፃን የሚቀዳው 1.5 ሚሊ ሊትር ነው። «ጀንታማይሲን 1.5» ብሎ የሸመደደ ተማሪ በስህተት 80 የሚለውን አምፑል ቢያነሳ 60 ሚሊግራም፣ ማለትም የታዘዘውን አራት እጥፍ ይሰጣል። የአምፑሉን ጽሑፍ በየጊዜው ማንበብን ለማስተማር፣ በእኔ አስተያየት፣ ይህን የሚያህል ልምምድ የለም፤ በወረቀት ላይ የሚሰጥ ጥያቄ ቁጥሩን አዘጋጅቶ ስለሚያቀርብ ማንበቡን ራሱ አይፈትንም።

በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽን በተመለከተ፣ አንድ ሚሊ ሊትር ስንት ጠብታ እንደሚሆን በግሉኮስ ማስተላለፊያው ቱቦ ማሸጊያ ላይ ተጽፎ ይገኛል። 20 ጠብታ ከሆነ፣ 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት እንዲያልቅ 20,000 ጠብታ ለ480 ደቂቃ ተካፍሎ በደቂቃ 42 ገደማ ይሆናል። ተማሪው ስሌቱን ጨርሶ እንዳይቀመጥ፤ ሰዓቱን ይዞ ቱቦውን ያስተካክል፣ በ15 ሴኮንድ ውስጥም 10 ወይም 11 ጠብታ መውረዱን ይቁጠር።

የአጻጻፍ ሥርዓት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊጠበቅ ይገባል። ነጥቡ ሳይታይ ቀርቶ 5 ተብሎ እንዳይነበብ ግማሽ ሚሊግራም 0.5 ተብሎ ይጻፋል፤ 5 ሚሊግራም ግን 50 እንዳይመስል 5.0 ተብሎ አይጻፍም፤ ማይክሮግራምም ሳያጥር ሙሉ በሙሉ ይጻፋል።

ተማሪዎች እርስ በርስ ሲተራረሙ ሁለተኛው የመጀመሪያውን መልስ ሳያይ ለብቻው ማስላት አለበት፤ መልሱን አይቶ የሚያረጋግጥ ሰው አብሮ የመሳሳት ዕድሉ ሰፊ ነው። በፈተናም ላይ 0.375 ብሎ «ሚሊ ሊትር» ያላለ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ባያገኝ እመርጣለሁ።